የአዱኛ ሽፋሽፍት

ከወረታ መናኸሪያ ጀርባ፣ ከሩዝ መፈልፈያው አጥር ጥግ ላይ «ፈጣን ፎቶ» የሚል ሰሌዳ የተሰቀለባት ጠባብ ቤት አለች። ሰሌዳው ከቀድሞው ባለቤት የተረፈ ነው እንጂ የዛሬውን ባለቤት በእውቀቱን የሚያውቅ ሰው በበሩ ላይ እንዲህ ብሎ አይጽፍም። ለመታወቂያ ፎቶ የገባ ወንድ ጢሙ አድጎ ይወጣል እያሉ ባጃጅ ነጂዎቹ ይቀልዱበታል። እሱም ይሰማል፣ ግን አይቆጣም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብሎ ያልፋቸዋል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። እንዲህ ያደረገው ሌንሱ ነው። ካሜራው እንኳ አዲስ ነው፤ በሆዱ መስታወት የሌለው፣ በማያው ቀዳዳ ውስጥ ትንሽ ቴሌቪዥን የተቀበረበት፣ የሰው ፊት ባየ ቁጥር ራሱ ዓይን ፈልጎ የሚያጠራ ዘመናዊ ዕቃ ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለው ፎቶ አንሽ ንብረት በተመሳሳዩ ካሜራ የሠርጉን ሰው ሁሉ ከነጉርሻው ያነሳል። በእውቀቱም እንዲሁ ሲያነሳ ኖሮ አንድ ቀን ባሕር ዳር ሄደ። እዚያ ፎቶ ቤታቸውን ሊዘጉ ዕቃ ከሚያወጡ ሽማግሌ ዘንድ አንድ አሮጌ ሌንስ አየ። ብረት ነው፣ ይከብዳል፣ ዕድሜውም ከበእውቀቱ ይበልጣል። ሽማግሌው በሌንሱ ዙሪያ ያለውን ቀለበት ይዘው አንድ ጊዜ አዞሩለት። ቀለበቱ ማር ውስጥ እንደገባ ማንኪያ ቀስ ብሎ፣ ሳይንገጫገጭ ዞረ። ከዚያ ወዲያ በእውቀቱ ሰው አልሆነም።

ይህ ሌንስ በራሱ አያጠራም። ባለቤቱ ዓይኑን ቀዳዳው ላይ አድርጎ በግራ እጁ ቀለበቱን ማዞር አለበት። ሲያዞር ዓለሙ ሁሉ ጉም ሆኖ ይቆይና አንዲት ነገር ብቻ ከጉሙ ትወጣለች። ትንሽ ካለፋት ተመልሳ ትገባለች፤ ወደ ኋላ ሲመልስ ደግሞ ብቅ ትላለች። በእውቀቱ ይህችን ማለፍና መመለስ ወደዳት። የዝንብ ክንፍ፣ የዛገ ምስማር፣ የሽማግሌ ጆሮ ላይ ያለች አንዲት ፀጉር፣ ሁሉንም በእጁ ፈልጎ ሲያገኝ ልቡ ይሞቃል። ያን ጊዜ ትንፋሹን ይይዛል፣ አፉ ይከፈታል፣ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ አይሰማም። ሰው ሥራውን ሲወድ ማየት ደስ ይላል። ደንበኛ ሆኖ ፊቱ መቀመጥ ግን ሌላ ነገር ነው።

በእውቀቱ ከሌንሱ ሌላ የሚወደው አንድ ሰው አለ። አምሳል ትባላለች፤ በሩዝ መፈልፈያው ሚዛን ላይ የምትሠራ የቁሐር ሚካኤል መንደር ልጅ ናት። ሁለቱ ከተስማሙ ሰንብተዋል። ለመጪው እሑድ መሪጌታ ወልደ ሥላሴ ሽማግሌ መርተው አባቷ ዘንድ እንዲሄዱ ተቆርጧል። ችግሩ አባቷ አያ ገበያው ናቸው። ከዚህ በፊት የሁለት ሰው ሽማግሌ መልሰዋል፤ አንዱን የመነመነ በሬ ገዝቷል ብለው፣ ሌላውን ጊደርና ወይፈን ከሩቅ አይለይም ብለው። «ዓይኑን ያላመንሁት ሰው ልጀን አያይም» ይላሉ። ከብት በማየት ከአንበሳሜ እስከ ወረታ የታወቁ ሰው ናቸውና ማንም አይከራከራቸውም።

የእሳቸው ዓይን እንኳ ከደከመ ቆይቷል። አምሳል መነጽር ገዝታ ብትወስድላቸው «ይኸ የሹማምንት ጌጥ ነው» ብለው ጎታ ውስጥ ቀበሩት። ከዚያ ወዲህ በቤቱ ስለ ዓይን የሚያነሳ የለም።

«አባየ ላሙን አዱኛን ፎቶ ማስነሳት ይፈልጋል» አለችው አምሳል ለበእውቀቱ። «አርጅታለች፤ ከዘንድሮው ጥጃዋ ሌላ አትወልድም ይላል። ሐሙስ ሂድና አንሳለት። ማን እንደሆንህ አትናገር። ይውደድህ። እሑድ ሽማግሎቹ ስምህን ሲጠሩ፣ ያ ደጉ ፎቶ አንሽ ነው እንዴ እንዲል።»

«ጥሩ አስበሻል።»

«ቶሎ አንስተህ ውጣ፤ አደራ። ያንን አሮጌህን ይዘህ እንዳትሄድ።»

«እሽ» አለ በእውቀቱ። እሺታው ከልቡ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ግን ዘመናዊውን ሌንስ ነቅሎ አሮጌውን ሲገጥም እጁን የያዘው ሰው አልነበረም።

ጊዜው ጥቅምት ነው። ውኃው ከሜዳው ሸሽቶ ሩዙ ዘለላውን አዘንብሏል፤ መንገዱ ግን ገና ጭቃ ነው። ባጃጁ ቁሐር ሳይደርስ ቆመ፣ በእውቀቱም ጫማውን በእጁ ይዞ ደረሰ። አያ ገበያው በሩዙ ዳር ቆመው ዱላቸውን እየወዘወዙ ይጮኻሉ። «ያንን ፍየል አባሩልኝ! ሩዙን ጨረሰው እኮ!» በእውቀቱ ዞር ብሎ ቢያይ ፍየል የለም። አንዲት ሽመላ በአንድ እግሯ ቆማለች። እሱም ነገር አዋቂ ነውና ሄዶ «ሂድ ከዚህ!» ብሎ ሽመላዋን እንደ ፍየል አባረራት። አያ ገበያው ወደዱት።

አዱኛ በግቢው መካከል ታስራ ቆማለች፤ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር፣ ጡቷ የተንዠረገገ፣ የፎገራ ላም የሚባል ሁሉ የሚመኘው ዓይነት። በእውቀቱ ተንበርክኮ ዓይኑን ቀዳዳው ላይ አደረገና ቀለበቱን ያዘ። መጀመሪያ ቀንዷ ከጉሙ ወጣ። አለፈው። ግንባሯ ወጣ። አለፈው። ከዚያ የግራ ዓይኗ መጣ፣ በዓይኗም ላይ ሽፋሽፍቷ አንድ በአንድ። ነጭ ነው! በቀኝ በኩል ጥቁር፣ በግራ በኩል ነጭ። በእውቀቱ ትንፋሹን ያዘ፣ አፉም ተከፈተ።

የአያ ገበያው ሚስት እትየ ካሳነሽ ከበራፍ ሆነው ጠበቁ። ጨዋ ሰው የሰው ጥገት ሲያይ የሚለው ነገር አለ። «ከዓይን ያውጣት» ይላል፤ እንኳን ላም፣ ጥጃም ቢሆን። ይህ ልጅ ግን አይልም። ትክ ብሎ ያያል። ብረቱን ወደዚህ ያዞራል፣ ወደዚያ ያዞራል፣ ደግሞ ያያል።

«ምን አለ?» ሲሉ አያ ገበያው በሹክሹክታ ጠየቁ።

«ምንም።»

«ዝም ብሎ ነው የሚያያት?»

«አፉን ከፍቶ!»

እትየ ካሳነሽ አሳሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በመጨረሻ ነጠላቸውን አውልቀው የላሟን ጡት ሸፈኑባት። በእውቀቱ ከቀዳዳው ሳይነቀል «እትየ፣ ትንሽ ዘወር ይበሉልኝ» አላቸው። ከዚያ አንዲት ጊዜ ብቻ ቀጭ አደረገና ተነሳ። ፊቱ በርቷል። «ጨረስሁ» ብሎ ጫማውን አንስቶ በጭቃው ውስጥ እያፏጨ ሄደ። በሕይወቱ ያነሳው ምርጥ ፎቶ ነበር።

ዓርብ ጠዋት አዱኛ የወትሮዋን እኩሌታ ታለበች። ቅዳሜ ከዚያም አነሰ። ሣሯን ትታ ራሷን ትወዘውዝ ጀመር።

አምሳል ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ፎቶ ቤቱ ስትገባ ሰላምታ አልሰጠችም። «ምን አድርገህ ነው የመጣኸው?»

«አነሳኋት። ቆይ ላሳይሽ፣ ሽፋሽፍቷ ...»

«ስታያት ምን አልህ?»

«ምንም።»

«ምንም? በሰው ጥገት ፊት ተንበርክከህ፣ እንዲያ አፍጥጠህ፣ ከዓይን ያውጣት አላልህም?»

«ትንፋሼን ይዤ ነበር እኮ!»

አምሳል ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። የፎገራ ልጅ ሆኖ ይህን መርሳት ቤተ ክርስቲያን ሳይሳለሙ እንደ ማለፍ ነው። በእውቀቱም ጥፋቱ አሁን ገባው፤ ከፎቶው በቀር ሌላ ነገር አላሰበም ነበር። ፈራ። እሷን ማጣት እንደሚችል ለመጀመሪያ ጊዜ ታየው።

«ሽማግሎቹ ይቅሩ?» አላት።

«መሪጌታ ሊሄዱ ከተነሱ ማን ያስቀራቸዋል?»

እውነቷን ነው። መሪጌታ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለት ጎበዝ ሽማግሌ አስከትለው ቁሐር ገቡ። በእውቀቱ እንደ ወጉ ከግቢው ራቅ ብሎ ሾላው ሥር ቀረ። ካሜራው እንደ ልማዱ ከነአሮጌው ሌንስ አንገቱ ላይ ነበር። ሽማግሎቹ ግቢው መካከል ቆሙ፤ ግቡ ቢባሉ አልገቡም፣ ተቀመጡ ቢባሉ አልተቀመጡም። አያ ገበያው ነገሩ ገባቸው።

«የመጣነው ለደግ ነው» አሉ መሪጌታ። «ልጅዎን አምሳልን ለልጃችን እንዲሰጡን ነው።»

«ልጃችሁ ማነው?»

«ወረታ ፎቶ ቤት ያለው በእውቀቱ ነው። ጭምት ልጅ ነው፤ ዓይኑም ...»

«ዓይኑ!» አያ ገበያው ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ዓይኑንማ አሳይቶኝ ሄዷል! ላሜን በዓይኑ አልቦብኝ ሄደ!»

«ኧረ አያ ገበያው፣ እሱ እኮ አይደለም ያያት፤ ካሜራው ነው።»

«ካሜራው ብቻውን መጣ?»

መሪጌታ ቅኔ ሲዘርፉ ያደጉ ሰው ናቸው፤ በዚህ ጊዜ ግን ጥምጥማቸውን ማስተካከል ጀመሩ። በጓዳው በር ስንጥቅ የምታየው አምሳል ከንፈሯን ነከሰች።

«የት ነው ያለው?» አሉ አያ ገበያው። «ይምጣና ይመርቃት። እትፍ ይበልባት። ከዚያ እንደ አመጣጡ ይሂድ፤ የልጀ ነገር እዚህ ላይ አበቃ።»

በእውቀቱ ተጠርቶ መጣ። በላሟ ፊት ቆሞ «ከዓይን ያውጣሽ» አለ። አልበቃ መስሎት ደገመው፣ «እመቤቴ ትጠብቅሽ» ጨመረበት፣ የቁሐሩን ሚካኤልንም ጠራ። እትፍ ሊል ሲል ግን አፉ በፍርሃት ደርቆ ምራቅ የሚባል ጠፋ። ሞከረ። አልሆነም። ሽማግሎቹ ወደ ሌላ አቅጣጫ እንደሚያዩ ሆኑ። እትየ ካሳነሽ አዘኑለትና በጣሳ ውኃ አመጡለት፤ ለላሟም ባልዲ አቀረቡላት። በእውቀቱ ጠጣና እንደ ምንም እትፍ እትፍ አለ።

«እንዲያው» አሉ አያ ገበያው ንዴታቸው በረድ ሲል፣ «ምን አይተህባት ነው እንደዚያ ያፈጠጥህባት?»

«ሽፋሽፍቷን ነው፣ አያ ገበያው።»

«ምኗን?»

«ሽፋሽፍቷን። በቀኝ ዓይኗ ጥቁር ነው፤ በግራው ግን ነጭ።»

«ሐሰት! ከጥጃነቷ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ሁለቱም ጥቁር ነው!»

ሁሉም ወደ አዱኛ አዩ። ከዚያ ሁሉም መሬት መሬት አዩ። ነጭ ነበር። ለማንም ይታያል። አያ ገበያው ዝምታውን ሰሙት። ዱላቸውን ከቀኝ ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩ።

«ካሳነሽ» አሉ፤ ድምፃቸው ወርዷል። «ነጭ ነው?»

«ከሸበተች ቆየች እኮ» አሉ እትየ ካሳነሽ ቀስ ብለው።

በእውቀቱ ምን እንደነካው እንጃ፣ ካሜራውን ከአንገቱ አውልቆ በአያ ገበያው አንገት ላይ አደረገው። «እርስዎው ይዩዋት» አለ። ከቀዳዳው ጎን ለተመልካች ዓይን ልክ የምትስተካከል ትንሽ ጎማ አለች፤ የቴሌቪዥኗ ፊደሎች ለሳቸው እስኪነበቡ ድረስ እሷን አዞረላቸው። አያ ገበያው ዘመናዊ ዕቃ የሚንቁ ሰው ናቸው፣ ግን ዓይናቸውን አስጠጉ።

«ጉም ነው» አሉ።

«ቀለበቱን ያዙሩት። ቀስ ብለው።»

«አሁንም ጉም ... ቆይ። ቀንድ መጣ። ሄደ! የት ሄደ?»

«አለፉት። ይመልሱት።»

የሽማግሌው ጣት ብረቱን ያዘ። ወደዚህ አዞሩ፣ ወደዚያ አዞሩ። ከዚያ እጃቸው ቆመ። ትንፋሻቸው ቆመ። አፋቸው ተከፈተ።

ሽማግሎቹ እግር ቀያየሩ። ከቆሙ ቆይተዋል፣ ፀሐዩም ጠንክሯል። አያ ገበያው አልተነቃነቁም። እትየ ካሳነሽ አሳሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በመጨረሻ አልቻሉም።

«ኧረ ከዓይን ያውጣት በል እንጅ፣ አንተ ሰውየ! ላሚቱን ልትጨርሳት ነው?»

አያ ገበያው አልሰሙም። «ነጭ ነው» አሉ ለራሳቸው። «ሸብታለች። ጆሮዋ ላይ ያቺ ጠባሳ አለች፤ ጥጃ ሆና የአጥር እሾህ ነው የቀደዳት። አልጠፋችም።» ጉንጫቸው ላይ አንድ ነገር ወረደ፤ ማንም እንዳላየ ሆነ።

አዱኛ በዚህ መካከል ራሷን ወደ ባልዲው ዝቅ አደረገች። አያ ገበያው ቀለበቱን እያዞሩ ተከተሏት። በእውቀቱ የማጉያዋን ቁልፍ ተጫነላቸው። አፍንጫዋ ቀዳዳውን ሞላው።

«ካሳነሽ!» ብለው ጮኹ፣ ዓይናቸውን ሳያነሱ። «አፍንጫዋ ውስጥ ... ያ የሚወጣው የሚገባው ምንድን ነው? አልቅት! አልቅት ነው! ውኃ ሸቶት ብቅ አለ! ያዢው፣ ያዢው!»

እትየ ካሳነሽ ጨርቅ ይዘው ዘለሉ። አንደኛው ሽማግሌ ቀንድ ያዘ፣ ሌላው ጅራት ያዘ፣ መሪጌታ ጥምጥማቸውን ያዙ። አልቅቱ ያዳልጣል፤ ሁለት ጊዜ አመለጠ፣ በሦስተኛው ተመዞ ወጣ። ረግረግ ለረግረግ ስትግጥ የገባ፣ ደሟን ጠጥቶ የወፈረ ነበር። አዱኛ አንዴ አነጠሰችና ባልዲውን እስከ ሥሩ ጠጣች።

ያን ጊዜ ሽማግሎቹ ተቀመጡ። መሪጌታ ይህን ጊዜ ካለፈ አይገኝም ብለው ጀመሩ። «እንግዲህ ዓይን ያሉት አልቅት ሆነ። የልጃችንን ነገር ምን ይሉናል?»

አያ ገበያው ካሜራውን ከአንገታቸው አላወለቁም። «ዓይኑንስ አመንሁት» አሉ። «ጥሎሹ ላይ ግን አንድ ነገር ይጨመር። ልብስ ለሷ፣ ጋቢ ለኔ፤ እሱ ወግ ነው። ይኸን ብረት ደግሞ እፈልጋለሁ።»

በእውቀቱ ሌንሱን አየ። በሩን አየ። ከስንጥቁ ኋላ ያለችው አምሳልም እሱን ታያለች። እሺ ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃ ነበር። በእውቀቱ ግን ቀለበቱ ሲዞር ታየው፤ ያ የማር ውስጥ አዟዟሩ። መሪጌታ በሆዳቸው አቡነ ዘበሰማያት ጀምረው ጨረሱ። ልጁ ገና ዝም ብሎ ነበር።

«እሽ» አለ በመጨረሻ።

አምሳል ያቺን ዝምታ እስከ ዛሬ ታነሳበታለች። ወጥ ሲቀጥን፣ ልብስ ሳይታጠብ ሲቀር፣ «ከብረቱ ጋር ስታመዛዝነኝ የቆየኸው ለዚህ ነው?» ትለዋለች።

ሌንስ ያለ ካሜራ ምንም እንደማያሳይ አያ ገበያው ያወቁት በኋላ ነው። ስለዚህ በእውቀቱ እሑድ እሑድ ካሜራውን ተሸክሞ ቁሐር ይወርዳል። ሽማግሌው ግድግዳውን ተደግፈው ሩዙን፣ ወፉን፣ ጥጃውን እያዞሩ ያወጣሉ። እትየ ካሳነሽ አጠገባቸው ተቀምጠው ጥጥ እየፈተሉ ለሚታየው ሁሉ «ከዓይን ያውጣው» ይሉላቸዋል፤ ሥራ ተከፋፍለዋል። አምሳል አንድ ቀን መነጽሩን ከጎታው አውጥታ ብትሰጣቸው ለፀሎት መጽሐፍ ይሆናል ብለው ተቀበሏት እንጂ አልተለወጡም። «መነጽር ሁሉንም ባንድ ጊዜ ያመጣብኛል» አሉ። «ይኸ ግን ፈልግ ይለኛል።»

በጥር ሠርጉ ሆነ። ንብረት እየሮጠ ሁሉንም አነሳ። የሙሽሮቹን ዋና ፎቶ ግን እኔ ነኝ የማነሳው ብለው አያ ገበያው ግቢው መካከል ተንበረከኩ፤ ሌንሱ የሳቸው ነውና ማን ይከለክላል? አምሳልና በእውቀቱ ቆሙ፣ ፈገግ አሉ። ፈገግታው ደከመ። ሚዜዎቹ አጉረመረሙ። አያ ገበያው አዞሩ፣ መለሱ፣ ትንፋሻቸውን ያዙ። በመጨረሻ ቀጭ አለ።

ፎቶው ታትሞ ሲመጣ አምሳል ጮኸች። ከፊት የቆሙት ሙሽሮች ሁለት ነጭ ጉም ናቸው። ከኋላቸው፣ በአጥሩ በኩል የምትመለከተው አዱኛ ግን ጥርት ብላ ወጥታለች፤ የግራ ዓይኗ ሽፋሽፍት አንድ በአንድ ይቆጠራል።

«አባየ! እኛ የታለን?»

አያ ገበያው ፎቶውን ከመነጽራቸው አራቅ አድርገው አዩት። አልተሳሳቱም፤ ፈልገው ያገኙት እሷን ነው። «እናንተማ ገና ብዙ ትነሳላችሁ፣ ልጀ» አሉ። «ልጅ ሲወለድ ትነሳላችሁ፣ ሲጠመቅ ትነሳላችሁ። እሷ ግን የሚመጣውን ክረምት መድረሷን እንጃ።»

ፎቶው ዛሬ «ፈጣን ፎቶ» ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሊነሳ የገባ ሰው ሁሉ ማን ነው ይህን ያበላሸው ብሎ ይስቃል። በእውቀቱ አማቴ ናቸው ያነሱት ይላል፣ ለምን እንደሆነ ግን አያስረዳም። ጠዋት ቤቱን ሲከፍት በፊቱ ትንሽ ቆም ይልና፣ አሁን እንኳ አይረሳም፣ «ከዓይን ያውጣት» ብሎ ወደ ሥራው ይገባል።